የአባቴ ደምና የጠያቂ ነጭ ሽንኩርት

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አባቴ ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ሲነዳ ነው ያረጀው። የልቡ የደም ሥሮች ጠበው አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና እንዲደረግለት ተወሰነ። ከዚያ በፊት ደም የሚያቀጥነውን ኪኒን አቁሞ፣ ፕላትሌት የሚባሉት ደም የሚያረጉ ህዋሳት ወደ ሥራቸው መመለሳቸው መረጋገጥ ነበረበት። ካልተመለሱ ቢላ ሲያርፍበት ደሙ አይቆምም።

ሁለት ዓይነት ምርመራ ተሠራለት። አንዱ ዝግጁ ነው አለ፤ ሌላው ገና ነው። ሐኪሙ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ይዞ አንዴ ይህን አንዴ ያንን ሲያይ አላስቻለኝም።

"ማሽን ነው ወይስ ጠንቋይ? አንድ ደም እንዴት ሁለት ወሬ ያወራል?" ብዬ ጮህኩ።

የመጀመሪያው ምርመራ የሚያየው አባቴ ያቆመው ኪኒን ከደሙ መልቀቁን ብቻ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ግን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሌላ ነገር ካለም እንደሚይዝ ሐኪሙ ነገረኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። "ሌላ መድኃኒት ወስደዋል?"

"ኧረ ምንም" አለ አባቴ።

አልዋሸም። ከእንጅባራ አብራን የመጣችው አክስቴ ከዘንቢሏ ትንሽ ማሰሮ አወጣች፤ በማር የተለወሰ ነጭ ሽንኩርት። ለካ ጠዋት ጠዋት፣ ሐኪሞቹ ሳይመጡ፣ በማንኪያ ስታጎርሰው ኖሯል!

"ይሄማ ምግብ ነው፤ መድኃኒት ማን አለው?" አለች፣ ኩራት ኩራት እያላት።

ነጭ ሽንኩርት ሲበዛ ደም ሊያቀጥን እንደሚችል፣ ምክንያቱም እሱ ሳይሆን እንደማይቀር ሐኪሙ ነገረን። ተራው ለሌላ በሽተኛ ተሰጠ። ሁለት ደረጃ ወጥቶ የሚያለከልክ ሰው፣ ሌላ ቀጠሮ እስኪገኝ ቤቱ ይጠብቅ ተባለ።

ዳንግላ ስንመለስ ጠያቂው ጎረፈ። እኛ ዘንድ በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም፤ በሽተኛውም የመጣለትን ሳይቀምስ ሰው አይመልስም፣ ነውር ነው። ባለሱቁ ጎረቤታችን እሱም ደም ያቀጥናል የሚባለውን የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የገጠር ዘመዶቻችን እንደገና ያንኑ የተረገመ ነጭ ሽንኩርት። ሰው እንዴት በደግነት ሰው ይገድላል? በሩ ላይ ቆሜ "ልትጨርሱት ነው እንዴ? ተመለሱ!" ብዬ ጠረቀምኩባቸው። ውጭ በአገራችን በአገው ቋንቋ፣ በአውኝኛ፣ ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል።

አባቴ ከአልጋው ጠራኝ።

"ልጄ፣ ቀዶ ጥገናው ባይሳካ ማን ሊቀብረኝ ነው? ሐኪሙ?"

እውነቱን ነው፤ የሚቀብሩት እነሱ ናቸው። ንዴቴ ግን አልበረደም። በሩን ከፈትኩና ማሰሮውን ሁሉ ከእጃቸው እየነጠቅኩ አስገባኋቸው።