የጀመዓው ሽምግልና

ዩኒቨርሲቲ ስንማር አምስት ነበርን፤ ሁላችንም ከከሚሴና ከአካባቢው የሄድን፣ አንድ ዶርም የምንተኛ። ራሳችንን «ጀመዓው» እንል ነበር። ጀመዓው ሊቀመንበር፣ ምክትልና ጸሐፊ፣ ሌላው ቀርቶ ገንዘብ የሌለው ገንዘብ ያዥ ነበረው። ተራ አባል እኔ ብቻ ነበርኩ። ዋናው መሐላችን አንዳችን ሚስት ስንፈልግ የቀረነው ሽማግሌ ሆነን እንሄዳለን፣ እንቢ ማለት የለም የሚል ነበር። በዚያ ዕድሜ ሽምግልና ጢም የሚጠይቅ ሥራ አይመስለንም ነበር።

ከተመረቅን በኋላ ጀመዓው ትልልቅ ሰዎች አፈራ። ሊቀመንበሩ ኮሙኒኬሽን ገባና ማይክ ካልያዘ ሰላም ማለት የማይችል ሰው ሆነ። ጸሐፊው ግብረ ሰናይ ድርጅት ተቀጥሮ ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ ለበሰ፤ ኪሶቹ ውስጥ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ገንዘብ ያዡ ባቲ ወርዶ የግመል ነጋዴ ሆነ። ምክትሉ እንስሳት ጽሕፈት ቤት ገብቶ እዚያም ምክትል ኃላፊ ሆነ። እኔ አስተማሪ ሆንኩ።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት ነበረች። ወደድኳት፤ ሌላ የምጨምርበት የለኝም። አባቷ ጨፋ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ እኔን አይተውኝ አያውቁም። «አባቴ የሚያየው የተላከውን ሰው ነው። ደህና ሽማግሌ ላክ» አለችኝ። አጎቴ ሊሄዱልኝ ተሰናድተው ነበር። ሊቀመንበሩ ይህን ሲሰማ ተቆጣ።

«እኛ እያለን? አቦ፣ አታሳፍረን!»

እኔም አጎቴን አስቀረኋቸው።

አራቱ ጨፋ ሄደው የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ስታዳምጥ ነበር። አባቷ «አካም ጅርቱ? ደህና መጣችሁ» ብለው አስቀመጧቸውና ምን እንደሚሠሩ ጠየቁ። ለእነዚህ ሰዎች ይህ ጥያቄ አይጠየቅም። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ የዞኑን ልማት ከእርሻ እስከ መንገድ አብራራ። ባለ ሰደርያው ለስብሰባ ያደረባቸውን ከተሞች ዘረዘረ። ነጋዴው ወላሂ እያለ ማለ፤ ሲሰሙት ባቲ ውስጥ ከእሱ በፊት ግመል የታየ አይመስልም። የምክትሉ ተራ ሲደርስ አባቷ እንስሳት የምትለዋን ቃል ሰምተው በሬያቸው መታመሙን ነገሩት። ሽምግልናው እንዳለ ተነሥቶ ወደ በረት ሄደ።

ሲመለሱ ምሳ ቀረበ፤ ተበላ፤ ዱዓ ተደረገ። ጫማቸውን ሲያጠልቁ አባቷ «ለመሆኑ በምን ጉዳይ ነበር የመጣችሁት?» አሉ። ያኔ ትዝ አልኳቸው።

«አንድ ጓደኛ አለን» አለ ሊቀመንበሩ። «ለጊዜው አስተማሪ ነው። ኢንሻአላህ ይለወጣል።»

የታመመው በሬው ይሁን እኔ መለየት ያስቸግር ነበር። አባቷም «እስቲ እናስብበት» ብለው ሸኟቸው።

በሬው ዳነ። ምክትሉ ግን ጨፋ መመላለሱን አልተወም። አንድ ቀን ከሚሴ መጥቶ ዓይኔን ሳያይ፣ «ወላሂ እኔ አላሰብኩትም፤ ሰውየው ራሳቸው ናቸው ለልጄ ሽማግሌ ላክ ያሉኝ» አለኝ። ቀጥሎም በመሐላችን መሠረት ሽማግሌ እንድሆነው ጠየቀኝ። መድፈሩ ገረመኝ። ወደ እሷ ሄድኩ። «አባቴ ቆርጧል። ቃሉን አልጥስም» አለችኝና አለቀሰች።

መሐላው አላስጨነቀኝም። የሄድኩት ተናድጄ ነው፤ እኔን ያልፈለጉኝን ሰውዬ አንድ ጊዜ ልያቸው ብዬ። ከሦስቱ ትልልቅ ሰዎች አጠገብ ተቀመጥኩ። አባቷ ሁሉንም በየማዕረጉ ሰላም ብለው እኔ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«አንተን አላውቅህም ልጄ። ምን ትሠራለህ?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«ያ በፊት ሽማግሌ የላከውም አስተማሪ ነው ብለውኝ ነበር። ታውቀዋለህ?»

ጓደኞቼ ምንጣፉን ማየት ጀመሩ።

«አውቀዋለሁ» አልኩ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ከመጋረጃው ጀርባ እሷ እንዳለች አውቅ ነበርና ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ጓደኞቹን የሚያምን ሰው ነው።»

አባቷ ከአንጀታቸው አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንኳንም ልጄን አልሰጠሁት» አሉ።