ጨው የማያውቅ ውሃ

ሩፊናን ያገኘኋት የውሃ ቦቴው ከሚቆምበት ቦታ ነው። ሰልፍ አልያዘችም። ከሰልፉ ዳር ቆማ፣ ጀሪካኑን ሞልቶ የሚያልፈውን ሁሉ "አንዴ ላስቁምህ" እያለች ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ትልሳለች። ከዚያ ራሷን ትነቀንቅና ታሰናብተዋለች።

"ሩፊና፣ ቀማሽ ሆነሽ ተቀጠርሽ እንዴ?" አላት ከፊቴ የነበረ ዓሣ አጥማጅ።

"ተቀጥሬ ነበር። ያንተን ጀሪካን ከቀመስኩ በኋላ ለቀቅኩ።"

ሰልፉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እኔ ጋ ስትደርስ ጣቷን ሁለት ጊዜ ላሰች። ዓይኖቿ እንቅልፍ ካዩ ሰንብተዋል።

"መምህር፣ አንተ የተማርክ ነህ። ይሄ ውሃ ባሕር ባሕር አይልም?"

"ከባሕር ነው የሚጣራው፤ ጨው ግን አልቀረበትም።"

"አልቀረበትም ስትል ነበረበት ማለት ነው።"

"ነበረበት።"

"እንግዲያው አይሆነኝም" አለችና ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች።

ለምን እንደማይሆናት ገብቶኛል። ልጇ ጆሳን ነገ ቅዳሜ ታገባለች። በእኛ በካሪያኩ ደሴት ደግሞ በሠርግ ዋዜማ የወላጆች ሳህን ይዘረጋል፤ የቤቱ ሙታን በየስማቸው ይጠሩና ምግቡ ቀርቦላቸው በሩ ተዘግቶ ያድራል። ጠዋት የቤተሰቡ ሽማግሌ በሩን ከፍቶ ሳህኑ ተነክቶ እንደሆነ ያያል። ሙታን ጨው አይቀምሱም። ጨው ያለበት ከቀረበላቸው ተቀይመው ይሄዳሉ። በቅርቡ የመታን አውሎ ነፋስ ባሕሩን አንስቶ በየቤቱ የዝናብ ገንዳ ውስጥ ከገለበጠው ወዲህ ግን በታችኛው ሰፈራችን ጨው የማያውቅ ውሃ የለም። ከዚያ በኋላ የዘነበውንም የሚቀበል ጣራ ስላልነበረ መሬት ጠጣው።

አንዱን ጀሪካኔን ያለ ልመና አነሳችልኝና ወደ ባሕሩ አብረን ወረድን።

"ለመሆኑ ሳህኑ ቢቀርስ?" አልኳት።

"የኔ ጊዜ ቀርቷል" አለች።

ኮስኔል ሲያገባት ጀልባው ዕቃ ተጭኖለት ቆሞ ነበር። ሳህኑን የሚያሰናዱት እናቱም ባሕር ማዶ ትሪኒዳድ ነበሩ። "ስመለስ በደንብ አድርገን እናበላቸዋለን" አላት። ሠርጉ በጥድፊያ አለቀ። ጆሳን ገና በሆዷ ሳለች ኮስኔልን ባሕር በላው፤ ጀልባውም ሰውም አልተገኘም።

"ስመለስ ያለው ነገር እስካሁን አልመጣም" አለች ሩፊና። "አሁን ልጄ የምታገባው ማንን ነው? መርከበኛ። ኬልሮን እሁድ ጠዋት ሸራ ያነሳል። ደግሜ ልቅበር? የሚቀበር ቢገኝ እኮ ደግ ነበር።"

ላምቢ ባሕር ዳር ስንደርስ ዝግጅቱ ደርቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ጣራውን ካጣ ወዲህ ሠርጉ ሁሉ እዚህ ነው። ራቅ ብሎ ያለው ቋጥኝ ማዕበሉን ሰብሮ ስለሚያስቀረው፣ ውሃው እንደ ረጋ ወተት ተኝቷል። ወንዶቹ በሁለት ምሰሶ መሃል የጀልባ ሸራ ለጥላ ይወጥራሉ። ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ የተረፉትን አግዳሚ ወንበሮች አሸዋው ላይ እየደረደሩ ይጨቃጨቃሉ።

"ቄሱን ፀሐይ ፊት ለፊት አታቁሟቸው።"

"ይቁሙ፣ ስብከቱ ያጥርልናል።"

"ኬኩን በራሷ ላይ ተሸክማ የምትጨፍረዋ ልጅ አሸዋ ውስጥ ብትሰምጥስ?"

"አንቺን ካላሸከምናት አትሰምጥም።"

ሙሽራዋ ራሷ መንሽ ይዛ፣ ባሕሩ የተፋውን አረም ከዳር ትሰበስባለች። እናቷን ከሩቅ ስታይ ፊቷ ጨለመ።

"እማ፣ ዛሬም ውሃ ስትቀምሺ ዋልሽ?"

"ዋልኩ።"

"አሁን ተይው። ኬልሮን ዋና ይችላል።"

"አባትሽም ይችል ነበር።"

ጆሳን ወደ አረሟ ተመለሰች።

አባባ ዩሪያስ፣ የኮስኔል ታላቅ ወንድም፣ በተገለበጠች ጀልባ ላይ ተቀምጠው የሙሽራዋን ወገን ባንዲራ ከዘንጉ ላይ ያስራሉ። ነገ እሳቸው ይዘውት ከሙሽራው ወገን ባንዲራ ያዥ ጋር ሲጨፍሩ ይውላሉ። የቤተሰቡን ሙታን በስም የሚያውቁት፣ የሚጠሯቸውም እሳቸው ብቻ ናቸው።

"አባባ፣ ጠርሙስ ሙሉ የታሸገ የእርዳታ ውሃ አለ" አለቻቸው ሩፊና። "ከውጭ አገር የመጣ ነው። በእሱ ላብስል?"

"አባቴ የፈረንጅ ጠርሙስ ከፍቶ አያውቅም። እሺ፣ ውሃው ይሁንልሽ፤ የት ልትዘረጊው ነው?"

"ድንኳኔ ውስጥ።"

"ሙታን ዚፕ ከፍተው አይገቡም፣ ሩፊና። ጣራ ያለው ቤት፣ የሚዘጋ በር፣ ከዚያው ቤት ጣራ የወረደ ውሃ። ጣራውም ገንዳውም የተረፈለት ኮረብታው ላይ ያለ አንድ ቤት ብቻ ነው። የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።"

ጆሳን ቀና ብላ፣ "እማ፣ እዚያ እንዳትሄጂ" አለች።

ሩፊና ጀሪካኑን አስቀምጣ ወደ ኮረብታው መንገድ ጀመረች። ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩምና ተከተልኳት።

እማማ ሲስሊን በረንዳቸው ላይ አተር ይፈለፍሉ ነበር። የእሳቸው ልጅ ፈርዲ ከኮስኔል ጋር በአንድ ጀልባ ነው የጠፋው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ገበያ እንኳ ቢገናኙ ፊታቸውን ያዞራሉ።

"ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?" አሏት፣ ሰላምታ ሳይቀድም።

"ሃያ ሁለት ሊሞላት ነው።"

"እንግዲያው ደጄን ሳትረግጪ የኖርሽው እሱን ያህል ነው። ምን ፈለግሽ?"

"ውሃ።"

"ቦቴው ተበላሸ?"

"ለሳህኑ ነው።"

እማማ ሲስሊን አንዱን አተር ከቅርፊቱ አውጥተው ሳህን ውስጥ ጣሉት። "ለኮስኔል?"

"ለኮስኔል።"

"ያን ቀን ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ባልሽን እዚህ ደጃፌ ላይ አቁሜ ነገ ሂዱ አልኩት። ምን ብሎ መለሰልኝ?"

"አውቃለሁ፣ እማማ።"

"ካወቅሽ በይው።"

ሩፊና ከደረጃው ላይ ቁጭ አለች። "እራት ሳይበርድ እንመለሳለን አለዎት።"

"እራቱን ከድኜ አስቀምጬው ነበር" አሉ እማማ ሲስሊን። ቀጥለውም፣ "ፈርዲ ሳያገባ ሄደ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ሠርግ በሌለበት ቤት ሳህን የሚዘረጋለት የለም። ዛሬ ኮስኔል ሊበላ ነው። የኔን ልጅ ማን አበላው?"

"ስሙን እናስጠራለን።"

"ከኮስኔል በኋላ?"

ሩፊና ወደኔ ዞር አለች። ምን ልበላት? በዚህ ደሴት የሌላ ቤት ሙት ከራስ ሙት ቀድሞ ተጠርቶ አያውቅም።

"በፊት" አለች ቀስ ብላ። "ፈርዲ በፊት ይጠራል።"

አሮጊቷ የአተሩን ሳህን ወደ ጎን አደረጉ። "ውሃዬ ግን ከዚህ ግቢ አይወጣም። ድስትሽን ይዘሽ ነይ። እዚህ ታበስያለሽ፣ በፈርዲ ክፍል ውስጥ ይዘረጋል። ባልሽ ለመግባት ካፈረ እሱ ያውቃል።"

ወደ ባሕሩ ስንመለስ ሩፊና ትሮጣለች ማለት ይቻላል። ተስፋዋ ግን ጀልባዋ ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌ ሲደርስ ተሰበረ።

"ወንድሜ በሚረገምበት ቤት?" አሉ አባባ ዩሪያስ። "ያውም ከባዕድ ልጅ ቀጥሎ? አልጠራም።"

"አባባ፣ ቤቱን ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

"ቤቱን አልኩሽ። ተራችንን ሽጪ አላልኩሽም።"

እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። "እግዚአብሔር ያሳይዎ፣ አንዴ ብቻ። ይሳደቡ፣ ይስደቡኝ፣ ብቻ ይጥሩልኝ። ልጅቷ የእርስዎም ደም ናት።"

እጃቸውን አስለቀቁና ወደ ባንዲራቸው ተመለሱ። "ነገ ባንዲራዬን ይዤ እጨፍራለሁ። እሱን አልነፍጋትም።"

"እንግዲያው እኔ እጠራቸዋለሁ።"

"ሚስት የባሏን ዘር ጠርታ አታውቅም። ስማቸውንስ ታውቂዋለሽ?"

"ይንገሩኝ።"

አልነገሯትም። ጆሳን መንሹን ጥላ መጥታ የእናቷን ትከሻ ያዘች። "እማ፣ በቃሽ። እኔ አልፈራሁም። ኬልሮንም አልፈራም። ነገ አብረሽኝ ብትስቂ ይበቃኛል።"

"ነገ እስቃለሁ" አለች ሩፊና። "ዛሬን ልቀቂኝ።"

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ወደ ኮረብታው ተመለስን፤ እኔ የበጉን ሥጋና የበቆሎ ዱቄቱን፣ እሷ ድስቱን ተሸክመን። መንገዱን ሙሉ ስሞች ታነበንባለች። "ኮስኔል። አባቱ አልፎንስ። እናቱ ሙሪየል። የአባቱ እናት ዲዲን። የዲዲን ባል..." እዚያ ላይ ትቆማለች። ከታች ጀምራ እንደገና ትወጣለች፣ እዚያው ትቆማለች። "መምህር፣ የዲዲን ባል ማን ነበር?"

"አላውቅም፣ ሩፊና።"

"የሚያውቁት ዩሪያስ ናቸው" አለችና እንደገና ከኮስኔል ጀመረች።

ከእማማ ሲስሊን በር ስንደርስ፣ አሮጊቷ የገንዳውን ክዳን አንስተው፣ ባልዲውን በገመድ አውርደው እየቀዱ ነበር። ሩፊና ባልዲው ላይ ጎንበስ ብላ በጣቷ ቀመሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን አልነቀነቀችም። ፊቷ ላይ ግን ደስታ አላየሁም። እኔ ከዚያ በላይ መግባት አልተፈቀደልኝምና ሥጋውን ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩ።

"ስሙን ሳትጠሪው የቀረው ሰው ቢቀየምስ?" አልኳት። ይህን ባልጠይቅ ይሻል ነበር።

"እሱ ከተቀየመ ሌሎቹ ይማልዱኝ ይሆናል።" ድስቱን ከራሷ አወረደች። "መምህር፣ ነገ ጠዋት ና። በሩን የሚከፍት ሽማግሌ የለኝም፤ አንተ ክፈተው።"

"እኔ የቤተሰቡ አይደለሁም።"

"ለዚህ ነው የምለምንህ። ሳህኑን እየው። ተነክቶ ካገኘኸው ወጥተህ ንገረኝ። ሳይነካ ካገኘኸው ዋሸኝ። እኔ ከፊትህ ላይ አውቀዋለሁ፤ ብቻ ተነክቷል ሲባል አንዴ በጆሮዬ ልስማው።"