ኦቦ ቶላሳ በራጅ ፖስታ ጀርባ የሳሉት ዘር

ባለፈው ሳምንት ደሜን ላስመረምር ተቀምጬ ሳለ የአልኮል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወዲያው ልጅ ሆኜ ጊንጪ ነበርኩ፤ ከኦቦ ቶላሳ መስኮት ሥር።

ኦቦ ቶላሳ ጎረቤታችንና የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ሰው ነበሩ። አክታ የሚያቀልሙበት ቀይ ቀለም ጣታቸውን ስለማይለቅ እንሶስላ የሞቁ ሙሽራ ይመስሉ ነበር። ይህን ብለን ስንስቅባቸው አይቆጡም። መብራት በጠፋ ቁጥር ማይክሮስኮፓቸውን ወደ መስኮቱ ያስጠጉና መስታወቱን ወደ ፀሐይ ያዞራሉ። ክረምት ሰማዩ ሲዳምን ግን እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ ነው።

እህቴን ጫልቱን የሳንባ ነቀርሳ የያዛት ሬዲዮናችን ከአብዮት መዝሙር በቀር ሌላ በማያውቅበት ዘመን ነው። ከጤና ጣቢያው የወር የወሩን ክኒን ይሰጧታል። አጎቴ ከካቺሲ እያሳለ መጣ፤ ተመርመር ቢባል «እህሌን ሳልሰበስብ?» ብሎ እምቢ አለ። እናቴ ከጫልቱ ክኒን ግማሹን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው። ወንድም እያሳለ ለብቻ መዋጥ በእኛ ቤት ነውር ነበር። ጫልቱ ቀን እየዘለለች ትውጥ ጀመር። በየወሩም እንዲሁ ተካፈሉ። መጀመሪያ ሁለቱም ወፈሩ፤ እኛም ደስ አለን። ከዚያ ሳሉ ተመለሰ፤ ሙሉውን ብትውጥም አልለቅ አላት።

ኦቦ ቶላሳ በመስኮቱ ጠርተው ክኒኑን እንዴት እንደምትውጥ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የራጅ ፖስታ አንስተው ገለበጡ።

«እስከ ሰባት ቤት አባቶችሽን ቁጠሪ» አሉኝ። ቆጠርኩ። «ጀርምም ዘር አለው» ብለው ከአንድ ግንድ የሚከፈሉ ቅርንጫፎች ሳሉ። ብዙዎቹን በቀዩ ቀለም ሰረዟቸው። «እነዚህን መድኃኒቱ ገደላቸው። ይቺ ያልሰረዝኳት ግን ከተወለደች ጀምሮ ከእህቶቿ ትንሽ ትለያለች። መድኃኒቱ ቀን እየዘለለ ሲመጣ ተቋቋመችው፤ ወለደች። አሁን ጫልቱን የሚያስላት ሁሉ የእሷ ልጅ ነው።»

ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቅርንጫፎች አሳይቼ «እነዚህ እህትማማች ናቸው?» አልኳቸው።

«ጎን ለጎን መቆም ዝምድና አይደለም። ወደ ታች ውረጂና የት እንደሚገናኙ እዪ።»

«ሌላ መድኃኒትስ?»

«እዚህ የለም።»

ያን ቀን ጠላኋቸው። ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው ማዳን እንዴት ያቅተዋል ብዬ አለቀስኩ።

ጫልቱ ለገና አልደረሰችም። አጎቴም በዚያው ዓመት ካቺሲ ተቀበረ። ለቅሶው ላይ እናቴ «ኦቦ ቶላሳ፣ ምን አጎደልኩ?» አለቻቸው። እሳቸው እኔን አዩኝ፤ ቀያይ ጣቶቻቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ።

«ምንም አላጎደሉም፣ አዴ። በሽታው ጠንክሮ ነው።»

እሳቸው ካለፉ ቆየ። ፖስታው እኔ ጋ ነው። አምና እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ አገኘችው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ዘር መቁጠር ግን ማን ይችላታል! ጣቷን ከጫፍ ወደ ግንዱ አወረደች።

«የማን ዘር ነው? እንዲህ ያለቀው?»

«አላውቅም፣ እማዬ።»

ጣቷ ያልተሰረዘችው ቅርንጫፍ ላይ ቆመ። «ተመስገን» አለች፤ «አንዷ እንኳ ተርፋላቸዋለች።» ከዚያ ፖስታውን በጥንቃቄ አጥፋ መለሰችልኝ።