ነጋዴው ወንዙ ዳር ለምን ቆመ?

ስምንተኛ ክፍል ለሦስት ተማሪ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር የሚደርሰን። በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነን እንቀመጣለን፤ መጽሐፉ ቀን የሦስታችን ነው፣ ማታ ግን የአንድ ሰው። ዓርብ ዓርብ መምህራችን አጭር ፈተና ይሰጣሉ፤ ከዴስኩ አንደኛ የወጣው መጽሐፉን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድና እስከሚቀጥለው ዓርብ ማታ ማታ ያጠናበታል። ደንቡን በጣም እወደው ነበር፤ ሁልጊዜ የምወስደው እኔ ነበርሁና።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ንፋስ መውጫ ገበያ ዳር ካለች አንዲት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይውላል። ለመጽሐፉ ከአንድ ካድሬ ሱሪ በተረፈ ካኪ ጨርቅ ልባስ ሰፋለት፤ ማንገቻም አበጀለት። እሱ ከእንግሊዝኛ አንዲት ፊደል አያውቅም፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ግን "እስቲ አንብቢላቸው" ይለኛል። እኔም ሱሪ ሊያስጠብብ ለመጣ ገበሬ ስለ ጉንዳኖች ኑሮ አነብለታለሁ። ገበሬው አይገባውም፤ እኔም ግማሹ አይገባኝም። አባቴ ግን መኪናውን አቁሞ ያዳምጠኛል።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አልነበረም። ታላቅ እኅቴ ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ወደ እስቴ ተድራለች። ለእኔም ሽማግሌዎች መጥተው፣ አባቴ "ሚኒስትሪዋን ትፈተንና" ብሎ መልሷቸዋል። ሚኒስትሪ የምንለው የስምንተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናን ነው። ጥሩ ውጤት ካመጣሁ ደብረ ታቦር አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ እማራለሁ፤ ካላመጣሁ ግን ሽማግሌዎቹን የሚመልስበት ሌላ ቃል እንደሌለው አባቴ ራሱ ነግሮኛል። ከትምህርቶቹ ሁሉ የሚያስፈራኝ እንግሊዝኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ያለ መጽሐፍ አይጠናም።

እንግዳ ደራሽ፣ ውኃ ፈሳሽ እንዲሉ፣ ከጥምቀት በኋላ አንድ ዲያቆን መጣብን። የስማዳ ሰው ነው፤ ከወገዳ ወዲያ። ቅኔውን ተምሮ፣ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር የዜማውን ድጓ ሲማር ቆይቶ፣ የመንግሥት ትምህርት አማረውና መጣ። ደብል እየመታ፣ በዓመት ሁለት ክፍል እያለፈ፣ ስምንተኛ ደርሷል። በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣል፤ ጢሙ አቀምቅሟል። ልጆቹ "መሪጌታ" እያሉ ያሾፉበታል፤ እሱ ግን አይቆጣም። በእኛ ዴስክ ከሚቀመጡት አንዱ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ስለ ነበር፣ መምህራችን እዚያ ባዶ ቦታ ላይ አመጡና አስቀመጡት። ሦስተኛዋ የዴስካችን ልጅ መጽሐፉ ቢቃጠልም ግድ የላትም። ስለዚህ የቀረነው እኔና እሱ ነበርን።

በቅኔ ቤት ተማሪው ግሱን ከነእርባታው በቃሉ ያወርዳል። ዲያቆኑ እንግሊዝኛንም እንደዚያው ያዘው። ጧት ደወል ሳይደወል ጋቢውን ተከናንቦ በትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዲያ ወዲህ እያለ "ጎ፣ ዌንት፣ ጎን፤ ሲ፣ ሶው፣ ሲን" ይላል፤ በዜማ ነው የሚለው። ያን እንግሊዝ ቢሰማው ቅዳሴ የገባ ይመስለዋል። ፊደል የተጻፈ እንደሆነ መነበብ አለበት ብሎ ስለሚያምን ደግሞ "ክኖው፣ ክኔው፣ ክኖውን" ይላል። በሳቅ ሞትሁ። ዓርብ ደረሰና ፈተናው በጽሑፍ ሆነ። ወረቀት ላይ የእሱ ክኖውም የእኔ ኖውም አንድ ነው።

መጽሐፉን ወሰደው። አባቴ የሰፋውን ልባስ እንዳለ፣ ማንገቻውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ "ማኅደሩ ያምራል፤ ማን ሰፋው?" አለኝ። ማኅደር የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ ልባስ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ውሸት ነው። አየሁት፤ አደመቀው።

በሚቀጥለው ዓርብም ወሰደው። ከዚያም በኋላ። ያንገበገበኝ መውሰዱ ብቻ አልነበረም፤ መጽሐፉ አያስፈልገውም። ባደረ በማግስቱ ምንባቡን ከአርእስቱ እስከ መጨረሻው በቃሉ ይወጣዋል። አንድ ቀን ታግሼ ታግሼ፣ በቃልህ ከያዝኸው ለምን አትተውልኝም አልሁት። በቃሉ የያዘውን በዓይኑ ካላየው እንደሚያመልጠው ነገረኝና፣ ከፈለግሁ ሊያስቀጽለኝ እንደሚችል ጨመረ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዲህ ነው፤ የቀደመው ተማሪ ለኋለኛው ቃል በቃል እያስባለ ያቀብለዋል። እኔ ግን ከአንደኝነቴ ወርጄ የስማዳ ዲያቆን ደቀ መዝሙር የምሆንበት ምክንያት አልታየኝም። ፊቴን አዞርሁበት።

አባቴ መጽሐፉ የት እንደ ሄደ ጠየቀኝ። ሌላ ተማሪ አንደኛ ወጥቶ ነው አልሁት። ክሩን በመርፌው ዓይን አስገባና፣ "ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል" አለ። ያን ምሽት እራት አልበላሁም።

መምህራችን ከሸዋ የመጡ ወጣት ነበሩ። በእረፍት ሰዓት ዲያቆኑን ጠርተው ስለ ቅኔ ይጠይቁታል፤ ሲመልስላቸው ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ይሰማሉ። ለእኔ "ጎበዝ" ይሉኛል፤ ለእሱ ግን "እንዴት?" ይሉታል። ልዩነቱን ያኔ ማንም ቢጠይቀኝ ልናገረው አልችልም፤ አንጀቴ ግን ያውቀው ነበር። ጥቁር ሰሌዳ የማጸዳ መስዬ እየቆየሁ የሚያወሩትን እሰማለሁ፤ ብዙ ጊዜ የጸዳውን ሰሌዳ ደግሜ አጸዳለሁ።

ግንቦት ላይ መምህራችን አዲስ ነገር አመጡ። ከእንግዲህ ዓርብ ዓርብ መቀያየር ቀርቶ፣ በአንድ የምንባብ ፈተና ከዴስኩ አንደኛ የወጣው መጽሐፉን እስከ ሚኒስትሪ ድረስ ይይዛል አሉ። ዲያቆኑን አየሁት፤ ጋቢውን ያስተካክላል።

ምንባቡ በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ተጻፈ፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው። አንድ ነጋዴ አህያው ላይ ጨው ጭኖ ወንዝ ዳር ይደርሳል። ክረምት ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። ሌሎች ነጋዴዎች ደፍረው ይሻገራሉ፤ ጨዋቸው ይሟሟል። እሱ ቁጭ ብሎ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ነጋዴው ወንዙ ዳር ለምን ቆመ የሚል ነበር። ምርጫዎቹ፦ ሀ ደክሞት፣ ለ ወንዙ ሞልቶ፣ ሐ ጓደኛውን ሲጠብቅ፣ መ ሌባ ፈርቶ። ለ ብዬ አለፍሁ።

ወረቀቱ ሲመለስ አንደኛ የወጣሁ እኔ ነበርሁ። ዲያቆኑ በዚያ ጥያቄ ሀንም፣ ለንም፣ ሐንም አክብቦ፣ በሌሎቹም ጥያቄዎች እንዲሁ እያደረገ ዜሮ በዜሮ ሆኗል። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ከሁሉም አብልጬ ሳቅሁ። መምህራችን ግን አልሳቁም፤ አስነሡትና ለምን ሦስት እንዳከበበ ጠየቁት።

በቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ አንድ ቃል በአንድ ፍቺ አያበቃም፤ "አንድም" እየተባለ ሌላው ይደረብበታል። ዲያቆኑም እጁን ከጋቢው አውጥቶ ጀመረ። ወንዙ ሞልቷልና ቆመ። አንድም፣ ወንዝ ይህ ዓለም ነው፤ ጨው ሃይማኖት ነው፤ ዓለም በሞላበት ጊዜ ሃይማኖቱን ተሸክሞ የገባ ያሟሟዋል፤ ስለዚህ ቆመ።

መምህራችን እዚህ ላይ ተነሥተው በሩን ዘጉት። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ ከኋላ ተቀምጧል፤ ከመስኮቱ በላይ መፈክር ተሰቅሏል። በሩን ዘግተው ወደ ቦታቸው አልተመለሱም፤ በሩን ተደግፈው ቆሙና "ቀጥል" አሉት።

አንድም፣ ደክሞታል፤ እሱ ባይደክም አህያው ደክማለች፤ የከብቱን ድካም ድካሜ ያላለ ነጋዴ አይደለም። አንድም፣ ወደ ኋላ የቀረ ጓደኛ አለው፤ ምንባቡ ብቻውን ከቤት ወጣ አይልምና። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ተናገረ። የሊቀመንበሩ ልጅ እንኳ አፉን ከፍቶ ይሰማ ነበር።

መጽሐፉን ታቅፌ ወጣሁ። የፈለግሁትን ሁሉ አግኝቻለሁ፤ ደብረ ታቦር ቀርቦልኛል፤ አባቴ ልባሱን ሲያይ ደስ ይለዋል። ሆኖም እኔን ደስ አላለኝም። ትክክለኛውን መልስ ያገኘሁ እኔ፤ ለምን ለ እንዳልሁ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ለእኔ በር የዘጋም የለም።

በማግስቱ ዲያቆኑ አባቴ በረንዳ ድረስ መጣ። መጽሐፉን ሊለምን መስሎኝ ከኋላዬ ደበቅሁት። እሱ ግን አባቴን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ወደ እኔ ዞሮ፣

"እኅቴ፣ ሁሉም እውነት ሆኖ እያለ አንዱ ብቻ እንደሆነ እንዴት ታውቂዋለሽ? ሚኒስትሪም እንዲሁ ከጠየቀኝ መውደቄ ነው" አለኝ።

የምር ነው የጠየቀኝ። ምን ልበለው? ፈተና እውነቱን አይደለም የሚፈልገው፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ነው፤ ያልተጻፈውን ሁሉ ሰርዝ አልሁት። "ይኼስ ከባድ ትምህርት ነው" አለ። አባቴ ከመኪናው ቀና ብሎ፣ እሱ ግሱን ያስቀጽልሽ፣ አንቺ መሰረዙን አስቀጽዪው ብሎ ፈረደ። እኔ አልወደድሁትም፤ ግን አባቴ ካለ አለ ነው።

ስለዚህ እስከ ሰኔ ድረስ ከትምህርት መልስ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እኔ ምርጫዎቹን እያነበብሁ "ተጽፏል?" እለዋለሁ፤ እሱ "አልተጻፈም" ይላል፤ ይሰርዛል። መጀመሪያ በየመሰረዙ ያዝናል፤ እየቆየ ግን እጁ ፈጠነ። እኔም ግሱን በዜማ ያዝሁት፤ ክኖውን ብቻ አልተቀበልሁትም። ማታ ማታ ደግሞ ማንም ሳይሰማኝ ምንባቡን ከፍቼ "አንድም" ማለት ለምጄ ነበር።

ሁለታችንም ሚኒስትሪውን አለፍን፤ እኔ ደብረ ታቦር ገባሁ፤ ሽማግሌዎቹም ሌላ ቤት አንኳኩ። ዛሬ ሳስበው ግን የሚመጣብኝ ውጤቱ አይደለም፤ ከፈተናው በፊት የነበረው የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነው።

መምህራችን አንድ አጭር ምንባብ ጻፉ። አንዲት ባልቴት ቤቷን ሸጣ ወደ ከተማ ስትሄድ በሩን ነቅላ ይዛው ትሄዳለች፤ ከተማ የተከራየችው ቤት በር የለውም። በሩን ለምን ይዛ ሄደች? መምህራችን ወደ ዲያቆኑ ፈገግ አሉና፣ ሳይጠየቁ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። እጃቸው መዝጊያው ላይ ነበር።

ዲያቆኑ ተነሣ። "አዲሱ ቤት በር ስለሌለው ነው" አለና ተቀመጠ።

መምህራችን እጃቸው እዚያው እንዳለ ቀረ። መልሱ ትክክል ነው፤ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። እሱ ከመጣ ጀምሮ ይህን ቀን ስመኝ ነበር። ታዲያ ለምን እንደ ተነሣሁ አላውቅም።

"አንድም" አልሁ። ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። "አንድም፣ ደጇን የለመደ ሰው መጥቶ ሲያንኳኳ ሌላ ሰው እንዳይከፍትለት ነው። አንድም፣ ሴት ከኖረችበት ቤት ስትወጣ የራሷ የሆነ አንድ ነገር ይዛ መውጣት ስላለባት ነው።"

ሳቁ ቆመ። መምህራችን አዩኝ፤ በሩን ቀስ ብለው ዘጉትና ተደገፉት።

"እንዴት?" አሉኝ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ከጎኔ ወደ ተቀመጠው ዲያቆን ዞር አልሁ። ጋቢውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ዓይኑን ከመምህሩ ላይ ሳያነሣ፣ ከንፈሩን ነክሶ ነበር። ያን ፊት በደንብ አውቀዋለሁ፤ ከጥምቀት ጀምሮ እሱን እያየሁ ይዤው የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ።