የማን ሽቶ ነበር?

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ከሥራ እስክትመለስ የምቆየው ውጭ አገር፣ አስኮት ቬል በሚባል ሰፈር በነበርንበት ፎቅ፣ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘሃራ ዘንድ ነበር። እትዬ የወሎ ሰው ናቸው፤ በክረምት፣ ቀኑ ቶሎ ሲጨልም፣ መብራቱን ቀንሰው፣ ቀይ ሆኖ የሚግለውን ሂተር ወደ እግራችን አስጠግተው ተረት ያወሩልኝ ነበር። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ሰፈር፣ ወደ ዋይንድሃም ቬል፣ ከሄደ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ለምን እንደሄደ ግን በደንብ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ምሽት፣ የበግ ለምድ ለብሶ በረት ስለገባ ጅብ አወሩልኝ። በጎቹ ሁሉ ሲታለሉ አንዲት ዓይነ ስውር ግልገል ብቻ አሽትታ ለየችው።

«አየሽ ልጄ፣ ዓይን ይሸወዳል፤ አፍንጫ ግን አይሸወድም» አሉኝ።

እናቴ መግባቷን ደውላ ስትነግረን ወደ ቤት ሮጥኩ። በሩን ስከፍት የአባቴ ሽቶ ተቀበለኝ፦ መጀመሪያ አዲስ የተፈለጠ ጥድ፣ ከዚያ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ፣ ቆይቶ ሞቅ ያለ ሰንደል፤ ጣፋጭነት የሌለው፣ ረጋ ያለ ሽታ።

«አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። መኝታ ቤቱን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ በረንዳውን ሳይቀር አየሁ። የለም። እናቴ ብቻዋን፣ ለጸሎት ፕሮግራም ለባብሳ፣ ጠርሙሱን ይዛ መስታወት ፊት ቆማለች።

«የአባዬን ሽቶ ለምን ትቀቢያለሽ?» አልኳት፤ ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

«የእኔ እኮ ነው፣ ሚሚዬ። የማልቀባው ሥራ ቦታ ስለማይፈቀድልኝ ነው እንጂ ከመጋባታችን በፊትም የእኔ ነበር። የወንድም የሴትም ስለሆነ እሱ ከእኔ እየወሰደ ይቀባ ነበር።»

አላመንኳትም። ቅዳሜ አባቴ ሊወስደኝ ሲመጣ ተጠመጠምኩበትና አንገቱን አሸተትኩ። ሳሙና፣ ሳሙና ብቻ ይሸታል።

«ምነው?» አለኝ።

«ናቲንግ» አልኩት። መንገዱን ሁሉ በመኪናው መስኮት እያየሁ፣ ሁለት ወር ሙሉ ስናፍቅ የከረምኩት ማንን እንደሆነ ጠፋብኝ።

ካደግሁ በኋላ ያንኑ ሽቶ ማሪቢርኖንግ የገበያ ማዕከል ውስጥ አግኝቼ ገዛሁት። ተቀብቼ እናቴ ዘንድ ስሄድ አቅፋኝ ቆየች፤ ከወትሮው በላይ ቆየች።

«አባትሽን አባትሽን ሸተትሽኝ» አለች ቀስ ብላ።

ያኔ «የእኔ እኮ ነው» ያለችኝን ላስታውሳት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት። ሽቶውን እስከ ዛሬ እቀባዋለሁ፤ የማንኛቸው ልጅ ሆኜ እንደምቀባው ግን አሁንም አልለየሁም።