የፋርማሲስቷ ጠረጴዛና የኛው

ባሌን ሰፈርተኛው «ሚሊሜትር» ይለዋል። አናጺ ነው። መሳቢያ ሲሠራ በስንጥቁ ወረቀት አያሾልክም፤ ሰው ሲያስጠብቅ ግን ሚሊሜትሩ ኪሎሜትር ይሆናል። ላገባው ስል እናቴ «በዕቃ ትንበሸበሻለሽ» ብላኝ ነበር።

የምግብ ጠረጴዛችንን የሠራው በተጋባን በሦስተኛው ወር ነው። ሳይቀባ አመጣውና «ነገ እቀባዋለሁ» አለ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት። ደረቅ እንጨት የሰጡትን ይጠጣል፤ የወጡን ዘይት፣ የልጄን የእስክሪብቶ ቀለም፣ የድስቱን ክብ ጠባሳ፣ ሁሉንም ጠጣው። እኔ በሳሙና ስፈትግ ክንዴ አለቀ። ባነሳሁበት ቁጥር መልሱ ነገ ነው።

ከዚያ ፋርማሲስቷ መጣች። ሰፈራችን ካለው ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር፣ ከጥፍሯ እስከ ጫማዋ ንጹሕ የሆነች ሴት ናት። ጠረጴዛ አዘዘች። ትኩስ ነገር የሚችል፣ ቢጫር ደግሞ ራሴ በቀላሉ የማድሰው ቅብ ነው የምፈልገው አለች። ባሌ ፈተና የመጣበት ይመስል አራት ቁራጭ ጣውላ አለስልሶ እኔው ኩሽና መስኮት ላይ ደረደረ። አንዱን ቫርኒሽ፣ አንዱን ጎማላካ የሚሉትን የሙጫ ቅብ፣ አንዱን ሰም ቀባው። አራተኛውን ዘይትና ቫርኒሽ በተቀላቀለበት፣ በጨርቅ በሚታሽ ቅብ አሸው።

«እስቲ ሻይ አፍዪልኝ፣ በጣም ትኩስ» አለኝ።

ደስ ብሎኝ አፈላሁ። ብርጭቆውን ተቀበለና አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጎነጭ ጣውላዎቹ ላይ በየተራ አስቀመጠው። ጎማላካው ነጭ ክብ አወጣ፣ ሰሙ ቀለጠ። በማግስቱ ሎሚ ጨመቀባቸው፣ ቀጥሎ በሚስማር ጫራቸው። ቫርኒሹ ሁሉንም ችሎ ነበር።

«ይሄ ግን አንዴ ከተጫረ ሁሉም ካልተላጠ አይታደስም። እሷን ያስቸግራታል» አለ።

እሷን። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስፈትግ ተቸገርሽ ወይ ያለኝ የለም።

ትኩሱን የቻለውን፣ ቢጫርም እላዩ ላይ ደግሞ በማሸት ብቻ የሚታደሰውን፣ በጨርቅ የሚታሸውን መረጠላት። ልታየው የመጣች ቀን እንዴት እንደምታድሰው ሲያስረዳት በር ላይ ቆሜ ሰማሁት።

«ስስ አድርገው ይቀቡት፣ ትርፉን ይጥረጉ፣ አንድ ቀን ያድርቁት። ሦስት ጊዜ ይደግሙታል። ጨርቁን ግን ጠቅልለው እንዳይጥሉት፣ ዘይቱ ውስጥ ውስጡን ግሎ ራሱ ይነድዳል። ዘርግተው ያድርቁት፣ አደራ።»

እኔን በዚህ ድምፅ ያናገረኝ ሳንጋባ ነው። ጠረጴዛዋ በሚሠራበት ሰሞን ተጠቅልሎ ውስጥ ውስጡን የሚግለው ጨርቅ እኔው ነበርኩ። ቀናሁ፣ ምን አሳፈረኝ። በመልኳ አይደለም፣ በጠረጴዛዋ ነው የቀናሁት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እኔ መዳብም አልሆንኩ፣ መዳብስ ይወለወላል።

ጠረጴዛዋ ሄደ፣ ግማሽ ቆርቆሮ ቅብ ተረፈ። ባሌም ሌላ ከተማ መደርደሪያ ሊገጥም ለአምስት ቀን ወጣ።

«የኛስ?» አልኩት በር ላይ።

«ስመለስ፣ በማግስቱ» አለ።

መኪናው ሳይርቅ የብርጭቆ ወረቀቱን አወጣሁ። የእንጨቱን ጅማት ተከትዬ ፈተግሁት፤ የድስቱ ክብ እስኪጠፋ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ በቀን አንዴ ቀባሁ፣ ጠረግሁ። ልጄ ሰሃኗን ጭኗ ላይ አድርጋ በላች። ጨርቁንም ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ዘረጋሁት፣ አደራውን እኔም ሰምቻለኋ። በአምስተኛው ቀን ጠረጴዛው ማር መሰለ።

ባሌ ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ ቆመ። መዳፉን አሳለፈበት፤ ጎንበስ ብሎ በብርሃኑ አግድም አየው። እንዲህ የሚያየው የሌላ አናጺ ሥራ ሲያጋጥመው ነው።

«ማን ነው የቀባልሽ?»

የሻዩን ማንቆርቆሪያ ጣድኩ።

«ከመንገዱ ማዶ ያለው አናጺ ነው? የሱ እጅ እንዲህ አይጠራም።» ድምፁ ቀጠነ። «ስንት ቀን ገባ ወጣ?»

ልጄ ሰሃኗ ላይ አቀርቅራ ሳቋን ዋጠች። እኔ ሻይ አፈላሁለት፣ በጣም ትኩስ፣ ጠረጴዛው ላይም አስቀመጥኩለት። ብርጭቆውን አነሳና ሥሩን አየ። ምልክት የለም። በጣቱ ነካው፣ አሁንም የለም።

«ጎበዝ ነው» አለ በግድ።

«ጎበዝ ነው» አልኩ፣ ቅቡ ያጠቆረውን ጥፍሬን ሽርጤ ውስጥ ደብቄ።

ዝም አይነቅዝም። ነገ እነግረዋለሁ።