ዘግይቶ የተቀመጥነው ለቅሶ

ልጅ ሳለሁ ዓርብ ዓርብ የኛ ቤት መብራት አይበራም ነበር። ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ አስራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ሕንፃው ሁሉ ቦግ ብሎ እያለ የኛ መስኮት ብቻ ጨለማ ነው። ተረት ሲባል ሰው የሚያስታውሰው ጭሱን፣ ፍሙን፣ የኩራዙን ብርሃን ነው፤ እኛ ቤት ግን ጀምበር ሳትጠልቅ ምድጃው ይጠፋል፣ ማብሪያው አይነካም፣ ራታችንም ቀዝቃዛ ነው። በብርዱ ወራት ገና ከትምህርት ቤት እንደገባሁ ይጨልማል። ያኔ አያቴ፣ አባባ የምላቸው የእናቴ አባት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጡና፣ ከኮሪደሩ በበሩ ስር በምትገባው ቀጭን ብርሃን የካልሲያቸው ጫፍ ብቻ እየታየኝ፣ ማውራት ይጀምራሉ።

እኛ ቤተ እስራኤል ነን። ይህን ከቤት ውጭ መናገር ክልክል ነበር። «ጎረቤት ከጠየቀሽ አምፖሉ ተቃጥሎ ነው በይ» ይሉኛል አባባ። በየሳምንቱ የሚቃጠል አምፖል! ማን እንደሚያምነኝ እንጃ፤ እሳቸው ግን መደበቁን ከለመዱት በኋላ ሊያቆሙት አልቻሉም። በደርግ ጊዜ ከጎንደር ገጠር በእግራቸው ሱዳን ሲገቡ፣ መጠለያው ውስጥ አይሁድ መሆን የሚያስፈራ ነበርና፣ ክርስቲያን ነን ብለው ተመዘገቡ። ድብብቆሹ ከመጠን በላይ ስለሰመረላቸው፣ ወገኖቻችንን በስውር ወደ እስራኤል የሚወስዱት ሰዎች ሲመጡ እነሱን የጠራቸው የለም። ኋላ አንድ የካናዳ ቤተ ክርስቲያን ዋስ ሆኖ ቶሮንቶ አመጣቸው። ስለዚህ እናቴ እሁድ እሁድ አማርኛ ጸሎት ቤት ትሄዳለች፣ አባባ ደግሞ ሰንበታቸውን በጨለማ ያከብራሉ። እኔ በሁለቱም አለሁበት።

የአባባ ተረት ቀበሮና ጅብ የለበትም። የሚተርኩት የኛን ቤት ነው። ቅድመ አያታቸው ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ባላባቱ ቀን ማረሻ ያሠራቸውና ሲመሽ ቡዳ ናቸው ብሎ ያስወራባቸዋል። አባታቸው በንጉሡ ጊዜ የሰው መሬት ያርሱ ነበር፤ እህሉ ከአውድማ ሳይነሳ እኩሌታው ለባለመሬት ይሄዳል። ደርግ ለራሳቸው መሬት ሰጣቸው፤ አጭደው ሳይጠግቡ ጎረቤት ተነሳባቸው። «መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ቀድሞ የሚንኳኳው የኛ በር ነው» ይላሉ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ዝም ብለው። ተረቱ ግን ሁልጊዜ ሱዳን ጠረፍ ላይ ይቆማል። «ከዚያማ መጣን» ይላሉ፤ በቃ። አንድ ዓርብ «ሴት አያቴስ?» ብዬ ብጠይቅ እናቴ ከጨለማው ውስጥ «ተያት» አለችኝ። ድምፅዋ ቁጣም ኀዘንም አልነበረበትም።

እናቴ አታለቅስም ነበር። አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፤ ከሚጦሩት አንዱ ሲሞትባት ገላውን አጥባ፣ አልጋውን ለሚቀጥለው አንጥፋ፣ ባሷን ይዛ ትመጣለች። የሥራ ጓደኞቿ «ሙሉ ብርቱ ናት» ይሏታል። እኔም እሷን ነው የወጣሁት፤ ወድቄ ጉልበቴ ሲደማ እንኳ ፊቴ አይለወጥም። ድንዝዝ ያልን ሰዎች ነበርን፣ ግን ያኔ ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

አስራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ የሰፈራችን ላይብረሪ እሁድ ከሰዓት ፊልም እንደሚያሳይ በሩ ላይ ለጠፈ። ወረቀቱ ላይ ብዙ ሰው ጠረጴዛ ከብቦ የተነሳው አሮጌ ፎቶ አለ። አባባ ቆም ብለው አዩትና «ምን ይላል?» አሉኝ።

«የአይሁድ ቤተሰብ ነው። ሦስት ትውልድ።»

«እንሂዳ!»

እናቴ ያን እሁድ ሺፍት አልነበራትም፤ ጸሎት ቤት ቀርታ አብራን መጣች።

አባባ እንግሊዝኛ አይሰሙም። በጆሯቸው የምተረጉምላቸው እኔ ነኝ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዬ።

«ንጉሡ ሄደ። ሌላ ሰው መጣ። እነሱን አይወድም።»

«አወቅኩት። አሁን ቤቱን ይቀሙታል።»

ቀሙት።

«አሁን ደግሞ ጎረቤቱ አላውቀውም ይላል።»

አለ። አገሩ አውሮፓ፣ ሰዎቹ ባርኔጣ ያደረጉ ነጮች፣ አባባ ግን አንድ ነገር አላለፋቸውም። ወታደሩም፣ እስር ቤቱም ሲመጣ ትንሽ ደስ ያላቸው እስኪመስል ድረስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይቀድሙኛል። ፊታችን የተቀመጠች ሴት ዞራ «እሽሽ» አለችን።

መጨረሻው አካባቢ አንዲት ሴት አልጋዋ ላይ ሞተች። ማንም አልገደላትም፤ አርጅታ ነው። ልጆቿ ልብሳቸውን ቀደዱ፣ መሬት ተቀመጡ፣ ሰው ሊያጽናናቸው ይገባ ጀመር።

«ምን እያደረጉ ነው?» አሉኝ።

«ለእናታቸው ነው። ሰባት ቀን ይቀመጣሉ።»

ከዚያ ወዲህ አባባ አልቀደሙኝም። ፊልሙ ሳያልቅ ተነሱ፤ ተከትለናቸው ወጣን።

ባስ ፌርማታው ላይ በረዶ ይጥላል። አባባ እናቴን እያዩ «ሙሉ፣ እናትሽ አልተለቀሰላትም» አሉ።

«ይተዉት አባዬ፣ ብርድ ነው።»

«አልተወውም! ሁልጊዜ ስተወው ኖሬ!»

ያኔ ነው ተረቱ ጠረፉን የተሻገረው። አያቴ መጠለያው ውስጥ በንዳድ ሞታ ነበር። ዋይታ ቢሰማ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የትኛው ቄስ ይፍታት፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ትቀበር ይባላል፤ ያኔ ማንነታቸው ይወጣል። ስለዚህ አባባ ጎህ ሳይቀድ ብቻቸውን ቀበሯትና ለስድስት ዓመት ልጃቸው «እናትሽ ሐኪም ቤት ተኝታለች በይ፤ እንባሽን ሰው እንዳያይ» አሏት። ልጅቱም እንደታዘዘችው አደረገች። ከመጠለያው እስኪወጡ ድረስ፣ ለጠየቃት ሁሉ፣ ሐኪም ቤት ናት አለች።

«አሁን አልቅሺላት ልጄ። እኔ ሳልሞት አልቅሺላት» አሉ አባባ። እሳቸው እንባቸው ወርዷል።

እናቴ ጓንቶቿን አየች። «እንዴት እንደሚለቀስ አላውቅም አባዬ» አለች። ጨክና አይደለም፤ የተጠየቀችው ነገር እጇ ላይ የሌላት ሰው ነው የምትመስለው። ባሱ መጣ፣ ገባን።

ቤት እንደገባን አባባ ሶፋውን ትተው መሬት ተቀመጡ። እናቴ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆማ ቀረች። በሩ ተንኳኳ። እትዬ ሰናይት ናቸው፤ እዚያው ፎቅ የሚኖሩ፣ እናቴ ጸሎት ቤት በቀረች ቁጥር ምን ሆነሽ ነው ብለው የሚመጡ ትልቅ ሴት። አባባን መሬት ላይ ሲያዩ ደነገጡ።

«ምነው፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ?»

እናቴ አፏን ከፈተች። ወገባቸውን አሟቸው ነው የምትል መስሎኝ ነበር።

«እናቴ ሞታ ነው» አለች።

«ውይ! እኔን! መቼ?»

«የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ። ሱዳን። ያን ጊዜ አልተቀመጥንም።»

አፍሬ ልሞት ደረስኩ፤ ይስቁብናል ብዬ። ነገር ግን እትዬ ሰናይት ስንት መርዶ ያረዱ ሰው ናቸው። አገር ቤት ወንድሙ ሞቶ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ዛሬ ተረድቶ እዚህ አፓርትመንት ውስጥ ደረቱን ሲደቃ አጠገቡ ተቀምጠው ያውቃሉ። ጸሎት ቤታችን ዋይታን እምብዛም አይወድም፤ እሳቸው ግን እሱን ሁሉ ረሱት። ጫማቸውን አወለቁ፣ ሻርፓቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩ።

«ስማቸውን ንገሪኝ፣ ጠርቼ ላልቅስላቸው» አሉ።

«ማርያማዊት» አለች እናቴ። እሷ የምታስታውሰው እማ ብላ መጥራቷን ብቻ ነው፤ ፎርም ላይ የእናት ስም ሲጠየቅ የምትሞላው ግን ይህን ነበር።

«አይደለም» አሉ አባባ። «እሱን ለመዝገቡ እኔ ነኝ ያወጣሁላት። ትርንጎ ናት። ስሟ ትርንጎ ነው።»

እናቴ የእናቷን ስም በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ሰማች። እትዬ ሰናይት «ትርንጎዬ! ትርንጎ እናቴ!» ብለው ደረታቸውን መቱ፤ በዓይናቸው አይተዋት ለማያውቋት ሴት፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱላት። አባባ ተከተሏቸው። እናቴ መሬት ቁጭ ብላ አፋቸውን አፋቸውን ታያለች፣ ሥራ እንደምትማር ሴት። እንባ አልመጣላትም። እኔም አልመጣልኝም።

አባባ ካረፉ ቆዩ። የቀጥቃጩን፣ የባላባቱን፣ የአውድማውን ተረት አሁን ንገሪን ብባል ግማሹን አሳስቼ ነው የምናገረው፤ የትኛው መቼ እንደሆነም ተምታቶብኛል። ከሁሉም እኔ ዘንድ የቀረው ተረት አይደለም። ያን ዕለት፣ ከለቅሶው በኋላ፣ እትዬ ሰናይት ፊታቸውን እየታጠቡ ሳሉ እናቴ ስልኳን አንስታ ሥራ ቦታዋ ኮል አደረገች። በዚያ በተለመደው ደረቅ ድምፅዋ፣ እናቷ እንደሞተችባት፣ ሰባት ቀን እንደማትገባ ተናገረች። አለቃዋ አዝና መሰለኝ፣ መቼ እንደሆነ ጠየቀቻት። እናቴ መሬት የተቀመጡትን አባባን አየቻቸው።

«ዛሬ» አለች።